ጤፍ የምታክል መዶሻ

ስብራቱን ያየሁት አዳማ መውጫ ላይ፣ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሌስትራ ከሚቀጠቀጥበት አንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ነው። ማለዳ ነበር። የጭነት መኪናው በግራ ጎኑ ተንጋዶ ቆሟል። ረዳቱ ከሥር ተጋድሞ ቡሎን ይፈታል፤ ሾፌሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ጉድጓዱን ይረግማል።

"መተሐራን እንዳለፍኩ ነው" ይላል፣ ለሰማውም ላልሰማውም። "አንዲት ጉድጓድ! ድው አለች፤ አበቃ።"

ባለሙያው መልስ አልሰጡትም። ስድሳን የተሻገሩ፣ ሠፈርተኛው ሁሉ "ጋሼ" የሚላቸው ሰው ናቸው። ረዳቱ ያወጣውን ቁራጭ ተቀብለው በቱታቸው እጅጌ ጠረጉና ስብራቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ያዩት ጀመር።

"ና እስቲ፣ አንተም እየው" አሉኝ።

አየሁት። የስብራቱ ፊት ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው አዲስ ነው፤ ሻካራ፣ ግራጫ፣ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ። ከላይኛው ጠርዝ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ግማሽ ጨረቃ አለች፤ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለች፣ ዝገት የለበሰች። ጠጋ ብሎ ላያት ሰው፣ ጠጠር የወደቀበት ኩሬ እንደሚያወጣው ዓይነት ቀጫጭን ክቦች ከጠርዟ እየሰፉ ወደ ውስጥ ይሄዳሉ።

"የሚያብለጨልጨው የትናንት ነው" አሉ ጋሼ። "ይቺ ግን ወራት አልፏታል። ጉድጓዷ አልገደለቻትም፤ ቀበረቻት እንጂ።"

"እንዴ ጋሼ፣ ከጅቡቲ ስነሣ እኮ ደህና ነበረች!"

"ደህና መስላህ ነው።"

ሾፌሩ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ቁራጩን ተቀበላቸው። ግማሽ ጨረቃዋን በጣቱ ዳሰሳት። እኔም ወደ አዲስ አበባ መመለሴን ለከሰዓት አስተላለፍኩት።

ልጅ ሆኖ ከሽቦ መኪና የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መቁረጫ ሲጠፋ ሽቦውን ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ፤ ከዚያ ቀጭ ይላል። ጎትተህ የማትበጥሰው ሽቦ በመመላለስ ይበጠሳል። መሐንዲሶች ይህንን የብረት ድካም ይሉታል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ የደከመ ሰው ተኝቶ ሲነሣ ይበረታል፣ የደከመ ብረት ግን ሌሊቱን በማደሩ የሚያገግመው ነገር የለም። የከፈተው ስንጥቅ ጠዋትም እዚያው ነው።

ዓለም ለዚህ ነገር ትኩረት የሰጠው በብዙ ሕይወት ከፍሎ ነው። ሜይ 8 ቀን 1842 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር ሙዶን አጠገብ ሲደርስ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክሰል ተሰበረ። ፉርጎዎቹ ተደራርበው በእሳት ተያያዙ። ያኔ እንደነበረው ልማድ በሮቹ ከውጭ ተቆልፈው ስለነበር ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። በዚያ ዘመን ብዙ መሐንዲሶች ብረት በንዝረት ብዛት ተፈጥሮው ይለወጣል፣ ፍሬ ፍሬ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። የሚያብለጨልጨውን የስብራት ፊት ሲያዩ ነው እንዲህ ያሉት፤ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ "ብረቱ ስኳር ሆኗል" የሚል ሰው አይጠፋም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን በ1843 እንዲያ አይደለም አለ፤ ብረቱ እንደ ድሮው ነው፣ ስንጥቁ ግን ከዳር ተነሥቶ በቀስታ ወደ ውስጥ ይበላል። ጋሼ ከግማሽ ጨረቃዋ ያነበቡት ይህንኑ ነው።

የፕሩሲያው የባቡር መሐንዲስ አውግስት ቮለር ደግሞ ከ1850ዎቹ እስከ 1870 አክሰሎችን በመሞከሪያ ማሽን እያሽከረከረ፣ ስንት ጊዜ ሲታጠፉ እንደሚሰበሩ ሲቆጥር ኖረ። ትዕግሥቱ ያስቀናል። ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ መሠረት ነው፤ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ ባነሰ ጭነት፣ ጭነቱ እስከተመላለሰ ድረስ፣ ይሰበራል።

አሁን ወደ መኪናችን እንመለስና እንቁጠር። የጫነ መኪና ባሌስትራ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ወረድ ከፍ ይላል እንበል። በሰዓት 3,600 ጊዜ ነው። ጅቡቲ ደርሶ ለመመለስ መንኮራኩሩ 40 ሰዓት ቢሽከረከር 144,000 ጊዜ። በሰባት ምልልስ ከሚሊዮን አለፈ። ከዚህ ውስጥ ብዙው ቀላል እጥፋት ነው፤ ጥቂቱ ግን ቀላል አይደለም። ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ ሂሳቡ በእኩል አይሄድም። በብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአንድ አምስተኛ ሲያድግ ዕድሜው በአንድ አምስተኛ አይደለም የሚቀንሰው፤ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል።

ባሌስትራ የሚለውን ቃል እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ጎሚስታ ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው። በጣሊያንኛ ቃሉ ጦረኞች ቀስት ይወረውሩበት የነበረውን ባለ ማስፈንጠሪያ መሣሪያም ይጠራል፤ እውነትም ጠባዩ የደጋን ነው። ጠምዛዛውን ሞላ የምንለውም ከዚያው ነው፤ ይህኛው ግን ከአማርኛው "ሞላ" ጋር ስለገጠመ ማንም ባዕድነቱን አያስታውስም። ጋራዥ ውስጥ "ሞላ!" ተብሎ ሲጠራ ሰው ይሁን ዕቃ ለማወቅ ዞር ማለት ያስፈልጋል።

ባሌስትራ የተደራረቡ ዝርግ ብረቶች ነው፤ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንደ ታንኳ የጎበጠ። መኪናው ሲጭን ጫፎቹ ወደ ታች ይገፋሉ፣ አክሰሉ ከመሀል ወደ ላይ ይገፋል፤ ጉብጠቱ ይቃናል። የጎበጠ ነገር ሲቃና ደግሞ ጎድጓዳው ፊት ይለጠጣል፣ ያበጠው የጀርባው ፊት ይጨመቃል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዝርግ የላይኛው ፊት፣ በጉብጠቱ ውስጠኛ በኩል ያለው፣ ዕድሜ ልኩን ይጎተታል። ስንጥቅ የሚወለደው መጎተት ባለበት ነው። የጋሼ ግማሽ ጨረቃም ከላይኛው ጠርዝ መነሣቷ በአጋጣሚ አይደለም።

በዚህ ላይ የመጎተቱ ጉልበት ከቦታ ቦታ እኩል አይደለም። ከፍተኛው ገጹ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ እየቀነሰ ሄዶ መሀል ላይ ባዶ ይሆናል። የዝርጉ መካከል ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል፤ ቆዳው ነው ሸክሙን የሚችል። እና ቆዳው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ክፍል ነው። ብረቱ በፋብሪካ ምድጃ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲግል ገጹ ካርቦኑን ለአየር ይሰጣል፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው ካርቦን ከላይ ሲሳሳ የላይኛው ሽፋን ከውስጡ የለሰለሰ ይሆናል። ማንከባለያው ጭረት ይተውበታል። መንገድ ላይ ሲወጣ ጠጠር ቀለሙን ይልጠዋል፣ ጭቃና እርጥበት በተላጠው ገብቶ ጉድጉድ ያደርገዋል። የተደራረቡት ዝርጎች ደግሞ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። የባሌስትራ ብረት ጎበዝ ነው፤ አንድ ካሬ ሚሊሜትር የምትሆን ክሩ ወደ 140 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን፣ አንጠልጥላ ትይዛለች። ግን ይህ ሁሉ ጉልበት ገጹ ላይ ባለች አንዲት ጭረት ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ቆዳውን እንዴት ያጠነክሩታል?

መልሱ ከጽዳት ተገኘ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሞተር ቫልቭ ሞላዎች ከእሳት ሲወጡ የሚለብሱትን ቅርፊት ለማራገፍ በትናንሽ የብረት እንክብሎች ይመቱ ነበር። የተመቱት ሞላዎች ካልተመቱት አብልጠው ሲቆዩ ታየ። ለመጥረግ የተወረወረው ሲያጠነክር ተገኘ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኸርበርት በ1927 የብረት ኳሶችን እንደ ዶፍ ዝናብ እያወረደ ገጽን የማጠንከር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ጀርመን ውስጥ ኦቶ ፈፕል በዚያው ሰሞን የተጨመቀ ገጽ ድካምን እንደሚቋቋም አሳየ። የሞላ ፋብሪካ ባለሙያው ዚመርሊ፣ ከእርሱም ጋር የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪው ጆን አልመን፣ ነገሩን ከወሬ ወደ ሥርዓት አወጡት። ዘዴው ዛሬ በዓለም ጋራዥና ፋብሪካ ሾት ፒኒንግ ይባላል።

እንክብሎቹ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሱ ናቸው፤ ጤፍ ያክላሉ። ለባሌስትራ የሚውሉት አንዳንዶቹ 0.6፣ ሌሎቹ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። በሚሽከረከር ጎማ መሳይ መወርወሪያ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ሜትር ይፈተለካሉ፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። እያንዳንዷ እንክብል ጤፍ የምታክል መዶሻ ናት። አርፋ ትነሣለች፣ ያረፈችበትን ቦታ ጎድጎድ አድርጋ። ጎድጓዳው ሲፈጠር የላይኛው ብረት ወደ ጎን መስፋት ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ያልተመታ ብረት ግን አያሰፋውም፣ ይዞ ይጨምቀዋል። ይህ በሺህ፣ በመቶ ሺህ ቦታ ሲደጋገም የዝርጉ ገጽ በሙሉ በገዛ ራሱ የተጨመቀ ቆዳ ይለብሳል። ውፍረቱ ከአንድ አሥረኛ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ጥፍርን የሚያክል ነገር።

የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ የገባ ሰው ያውቀዋል። ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ሲጨናነቅ በመካከሉ አንዲት ክፍተት እንኳ አትገኝም፤ መንገድ ክፈቱ ቢሉ የሚከፍት የለም፤ ቢፈልግም አይችልም። የተጨመቀ የብረት ቆዳም እንዲሁ ነው። ስንጥቅ ለማደግ ዳርና ዳሩ መለያየት አለበት። መንገዱ ሲጎትተው መጀመሪያ ያንን ግፊያ መጨረስ ይጠበቅበታል፤ ግፊያው ሳያልቅ ጉድጓዱ ያልፋል፣ ባሌስትራው ይመለሳል። በደንብ በተመታ ዝርግ ላይ ግፊያው በካሬ ሚሊሜትር ከ50 እስከ 70 ኪሎ ይደርሳል። ዕድሜውም የሚያድገው በመቶኛ ሳይሆን በእጥፍ ነው፤ አንዳንዴ በብዙ እጥፍ። ብረቱ ግን ያው ብረት ነው፣ ክብደቱም ያው።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። የተጨመቀው ቆዳ አይታይም። ተመትቶ ያለቀው ዝርግና ግማሹ ብቻ የተመታው፣ ቀለም ሲቀቡ አንድ ናቸው። ታዲያ ፋብሪካው በቂ መመታቱን በምን ያውቃል? አልመን ያገኘውን መልስ በ1944 በፓተንት አስመዘገበው፤ ቀላልነቱ ያስቃል። 76 ሚሊሜትር የምትረዝምና 19 ሚሊሜትር የምትሰፋ የብረት ቁራጭ ወፍራም ብረት ላይ በአራት ቪቴ አጥብቆ አሰረ፤ ከዕቃው ጋር አብራ በእንክብል እንድትመታ አደረገ፤ ከዚያ ፈታት። የታሰረችው ቁራጭ ስትፈታ በተመታው ፊቷ ጎብጣ ተነሣች። ቁርበት ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አንዱ ፊቱ ቀድሞ ሲሰበሰብ እንደሚቆለመም ማለት ነው፤ እዚህ ግን የሚሰበሰብ ሳይሆን መስፋት የሚፈልግ ፊት ነው። የጉብጠቷን ከፍታ ለካ። ጉብጠቷ ከበዛ ምቱ ጠንክሯል፤ ካነሰ ላልቷል። ዛሬም በአውሮፕላን ፋብሪካም ሆነ በመኪና ሞላ ፋብሪካ፣ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ጎን፣ ይህች የአልመን ቁራጭ አለች።

መቼ ነው በቃ የሚባለው? ቁራጮችን ለተለያየ ጊዜ እያስመቱ ጉብጠታቸውን ያወዳድራሉ። ጊዜው በእጥፍ ሲጨመር ጉብጠቱ ከአንድ አሥረኛ በላይ ማደጉን ካቆመ ጠገበ ይሉታል። ከዚያ ማለፍም አደጋ ነው፤ ማር ሲበዛ ይመራል። ገጹ ይቆሳስላል፣ ይተጣጠፋል፣ ራሱ ስንጥቅ ይፈጥራል። እንክብሎቹም ይሰበራሉ፤ የተሰበረ እንክብል ስለት ስላለው ከመጨመቅ ይልቅ ይጭራል። ስለዚህ ሳያቋርጡ ያበጥሯቸዋል። አንዱ ማበጠሪያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ ክቡ እንክብል ፈጥኖ ሲንከባለል ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይሸሻል፣ የተሰበረው እየተንሸራተተ በውስጠኛው ይቀራል። እህል በሰፌድ ስታንገዋልል ያደገች እናት ብታየው ምኑንም የሚያስረዳት ሰው አትፈልግም።

ባሌስትራ ላይ ፋብሪካው የሚመታው ሁሉንም ፊት አይደለም። የሚጎተተውን፣ የላይኛውን ነው። ይበልጥ የረቀቁት ደግሞ ዝርጉን እንደተጫነ አድርገው ወጥረው ይዘው ይመቱታል፤ ሲለቁት ሲመለስ ጭምቀቱ የበለጠ ይጠነክራል። በመጨረሻም የተገጣጠመውን ባሌስትራ በማሽን ከሚሸከመው በላይ ይጭኑታል፤ ሆን ብለው ትንሽ እንዲተኛ ያደርጉታል። በዚያን ጊዜ የላይኛው ፊት ከአቅሙ በላይ ይለጠጥና ሲለቁት ተጨምቆ ይቀራል። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው ባሌስትራውን የሚገፋው መንገዱ በሚገፋው አቅጣጫ ነው። እስከዚያ ማለዳ ድረስ ይህን የማውቀው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ጋሼ ሥራ ጀመሩ። የተሰበረው ዝርግ አንዱ ብቻ ነው፤ ቀሪዎቹ ደግሞ ተኝተዋል። ጉብጠታቸው ጠፍቶ ቀጥ ሊሉ ደርሰዋል። ሾፌሩ "ያስነሡልኝ" አለ። አንዱን ዝርግ በወፍራም ሐዲድ ቁራጭ ላይ በተበየዱ ሁለት ብረቶች ላይ አጋደሙት፤ ጎድጓዳው ፊት ወደ ላይ። ወጣቱ ሠራተኛ ባለ ስድስት ኪሎውን መዶሻ አንሥቶ በክፍተቱ ላይ ያሳርፈው ጀመር። አንድ ምት፣ ገፋ፤ አንድ ምት፣ ገፋ። ዝርጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጎበጠ ታንኳነቱ ተመለሰ። ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉብጠቱን በሌላው ዓይናቸው ለኩት። ተስተካክሏል። እጅ ነው፤ መለኪያ የለ፣ ማሽን የለ።

እኔ ግን የማየው አቅጣጫውን ነበር። መዶሻው ባሌስትራውን የሚያጎብጠው መንገዱ ከሚያቃናው በተቃራኒ ነው። ብረት በቀዝቃዛው ሲጎብጥ ጎድጓዳው ፊት ከአቅሙ በላይ ይጨመቃል፤ መዶሻው ሲለቀው ትንሽ ይመለሳል፤ ሲመለስ ያ ከልክ በላይ የተጨመቀ ቆዳ ተጎትቶ ይቀራል። ፋብሪካው በብዙ ድካም ጭምቀት ያለበሰው ፊት አሁን ገና ሳይጫን የተጎተተ ነው። መኪናው ሲጭን መጎተቱ ከዜሮ አይጀምርም። መዶሻው በዚያው ፊት ላይ የተዋቸው ጠባሳዎችም ስንጥቅ የሚጀምርባቸው በሮች ናቸው። በእሳት ቢሠራስ? በእሳት ሲሠራ ጉብጠቱ ያለ ጣጣ ይመጣል፤ ግን የእንክብል ጭምቀት ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ይላላል፣ ቀልቶ የታየ ብረት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይገኝም። የእሳቱ ሙቀት ካልተለካና ብረቱ ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ እንደገና በልኩ ካልተሞቀ ወይ እንደ ሸክላ ይሰባበራል፣ ወይ እንደ ሰም ይተኛል።

ከሰል አንሥቼ መሬት ላይ ሣልኩላቸው። ጋሼ ቁጢጥ ብለው አዩት። አልተቆጡም፤ እኔ ግን ፈርቼ ነበር፤ በሙያቸው ላይ ስናገር ይከፋቸዋል ብዬ።

"ያልከውን በዚህ ቃል አላውቀውም" አሉ ቆየት ብለው። "ግን የቀጠቀጥናት ስትመለስ መዶሻው ካረፈበት ነው የምትሰበር። ይህን አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ይሠሩታል?"

ወደ ሾፌሩ በአገጫቸው ጠቆሙ። "እሱን ጠይቀው። አዲስ ግዛ ብለው ይገዛል? ዛሬ ማታ መውጣት ይፈልጋል። ተኝታ ትመጣለች፣ አስነሥቼ እልካለሁ።"

እኔም የጋሼን እጅ ልኮንን አልመጣሁም። በአገራችን ብረት የቀጠቀጠ ሰው ምን ስም ሲሰጠው እንደኖረ እናውቃለን፤ ማረሻውን ከእሱ ተቀብሎ ገበታውን ግን ያልተካፈለ ብዙ ነው። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ባሌስትራው ሲሸጥ ቆዳው አብሮ እንደተሸጠ ለጋሼም ለሾፌሩም የነገራቸው የለም። ትንሽ ነገር ቢያውቁ የሚለወጥ አለ። ለምሳሌ ጠባሳውን በደቃቅ ድንጋይ በርዝመቱ ማለስለስ ይቻላል፤ በወርዱ ሳይሆን በርዝመቱ፣ ምክንያቱም በወርዱ የሚሄድ ጭረት መጎተቱን ይቆርጠዋል። ብየዳ ሲሠራ የብየዳውን መሬት ገመድ ባሌስትራ ላይ አለማሰር፣ ፍንጣሪ እንዳያርፍበት መሸፈን፤ አንዲት የብየዳ ጠብታ የምታርፍበትን ነጥብ ድርቅ አድርጋ ለስንጥቅ ታዘጋጀዋለች። ቀለሙ ሲላጥ መቀባት። እነዚህ ማሽን አይጠይቁም።

ባሌስትራ ብቻ አይደለም በቆዳው የሚኖረው። የመሪው መገጣጠሚያ በሆነው ቴስቲና ውስጥ ያለው ክብ ራስ አንዳንዴ በኤሌክትሪክ ሙቀት ገጹ ብቻ ቀልቶ ይቀዘቅዛል፤ ላዩ እንዳይበላ ይጠነክራል፣ ውስጡ እንዳይሰበር ልስልስ ይሆናል። የሾክ አብዞርበር ዘንግ ደግሞ ጠንክሮ በክሮም ይለበጣል፤ ክሮሙ አንድ ቦታ ሲላጥ ጎሚኒው ይቀደድና ዘይቱ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው የሚያየው ዘይቱን ነው። ጠምዛዛው ሞላ እንደ ባሌስትራው በእንክብል ይመታል፤ ሽቦው የሚጠመዘዝ ስለሆነ ግን ዙሪያውን ነው የሚመታው። መኪናቸው ዝቅ ብላ እንድትታይ ሞላ በእሳት የሚያስቆርጡ ወጣቶች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሳቱ ያረፈበት ዙሪያ የፋብሪካውን ሥራ አጥቷል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ባሌስትራ የሚገዛ ሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ ተመትቷል ወይስ አልተመታም? ቀለሙን ጫር አድርጎ ማየት ትንሽ ይረዳል። የተመታ ገጽ አያብለጨልጭም፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ደቃቅ ጉድጉድ ይለዋል። ግን ለጽዳት ብቻ የተመታውም እንደዚያው ይመስላልና ዓይን ማረጋገጫ አይሆንም። የእውነት የሚለካው በኤክስሬይ ነው፤ ጨረሩ በተጨመቀ ብረት ውስጥ የአተሞቹን ርቀት ያነባል። ገበያ መካከል ኤክስሬይ የለም። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው እምነት ነው። ርካሹ ከውድ የሚለየው አንዱ ነገር እንክብል የተመታበት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ ደግሞ ከፋብሪካ ወጪ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰውም ሌላ ሰው ያባከነውን ዕድሜ አብሮ ይገዛል፤ ስንቱን እንደተጠቀመበት ግን የሻጩም አፍ አያውቀውም።

ከሰዓት በኋላ ባሌስትራው ተገጠመ። ለተሰበረው ምትክ ጋሼ ከግድግዳ ሥር ከተደረደሩት አሮጌዎች አንዱን መረጡ። ከመምረጣቸው በፊት አምስቱን በመዶሻ ጫፍ እየነኩ አዳመጡ፤ ሁለቱን በድምፃቸው ብቻ ወደ ጎን ጣሏቸው። ከዚያ የተመረጠውን ዝርግ የላይኛውን ፊት በናፍጣ አጥበው በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ጥርት ያለ ነበር። ረዳቱ የመሀሉን ቡሎን ሲያጠብቅ እኔ በከሰል የሣልኩትን ሥዕል ረግጦ አጠፋው።

የተሰበሩት ሁለት ቁራጮች በጓሮ ከተከመሩት ብረቶች ላይ ተወረወሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጣ ቀጥቃጭ አለ፤ በኪሎ መዝኖ ይወስዳል። ማረሻ ይሆናሉ፣ ምሳርም፣ ቢላም። ወናፉ ሲያቀላቸው ከፋብሪካው ምት የተረፈ ካለ ያኔ ይጠፋል።

ሾፌሩ ሒሳቡን ከፍሎ መሪውን ከያዘ በኋላ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ትቆይልኛለች?"

"ስንት ኩንታል እንደምትጭን ንገረኝና እነግርሃለሁ።"

ሾፌሩ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። መኪናው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ከኋላ በሁለቱም ጎን እኩል ቆሞ ነበር። የጭነቱን ልክ ግን አልተናገረም።